የምትናገር የኪኒን ሣጥን

በዚያ ከተማ የቆመ ሊፍት ሁሉ የሽቦን ኮቴ ሲሰማ በራሱ ይነሣ ነበር ይባላል። ተጋንኖ እንደሆነ እንጃ፤ እጁን ያየ ግን ይመሰክራል።

ሽቦ ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። ቀን ሊፍት ይጠግናል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍሉ ተቀምጦ፣ ማይክሮኮንትሮለር የምትባለዋን ጥፍር የምታህል ኮምፒውተር ከአሮጌ ሬዲዮ አካላት ጋር በካውያ እየበየደ ጉድ ይሠራል። አበባው ሲጠማ የሚያፏጭ ማሰሮ፣ ወተት ሊገነፍል ሲል የሚጮህ ማንኪያ፣ እንግዳ ሳያንኳኳ «ማነው?» የሚል ደወል። ዓለም ላይ እሱ ያልሠራው ነገር ቢኖር ገንዘብ ብቻ ነው።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ሴት ልጅ ፊት ሲቆም ምላሱ ትታሰራለች። ሊፍት የሚያንቀሳቅስ ሰው አንዲት ቃል ከጉሮሮው ማውጣት ያቅተዋል።

ከብየዳው ብዛት ዓይኑ ደከመና አንድ ቀን መነጽር ቤት ገባ። መነጽር ሠሪዋን ያገኛት እዚያ ነው። ስለዚህች ልጅ ዓይን ለመናገር ሌላ አፍ መዋስ ያስፈልጋል፤ ማየት ተስኗቸው የገቡ ደንበኞች እሷን ሲያዩ ድነው፣ መነጽር ሳይገዙ ይወጡ ነበር።

«አገጭዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ» አለችው። «ወደ ላይ ይመልከቱ። አሁን ወደ ታች። እኔን አይደለም፣ መብራቱን።»

«መብራቱን ነው የማየው።»

«መብራቱ በዚያ በኩል ነው።»

ሳቋን ዋጥ አደረገችና «ምን ቢሠሩ ነው ዓይንዎን እንዲህ የፈጁት?» አለችው።

ምላሱ ብትታሰር እጁ ኪሱ ገባ። አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በላይዋ ቀይ መብራት ብልጭ፣ ድርግም ትላለች።

«ይህቺ ምን ታደርጋለች?»

«ያዘዟትን።»

ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ዓይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ አረፈ። ቦርሳዋን አንሥታ «ይቅርታ፣ ባልደረባዬ ይጨርስልዎታል፤ እናቴን ኪኒን ላስውጥ ነው» ብላ በረረች። የሱቁ ባለቤት ከኋላዋ «በየቀኑ እንዲህ ከሆነ አንድ ቀን በዚያው ትቀሪያለሽ» ሲል ሽቦ ሰማ።

መነጽሩን ሊወስድ ሲመለስ ለምን እንደሮጠች እንደምንም ጠየቃት፤ ነገረችው። እናቷ የደም ግፊት አለባት። አንዴ ራሷን ስታ ወድቃለች። ሐኪሙ የቀትሩን ኪኒን መዝለል በነፍስ መጫወት ነው ብሏል። ቤት ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ደውዬ ሳስታውሳት ‹ውጫለሁ› ትለኛለች። ማታ ስገባ ኪኒኑ እዚያው ነው። ባለቤቱም እውነቱን ነው፣ በየቀትሩ ሱቅ ጥሎ የሚሮጥ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ወይ ሥራዬን ወይ እናቴን ልመርጥ ነው።»

ሽቦ ያን ጊዜ በዕድሜው ረጅሙን ንግግር አደረገ።

«ሣጥን ልሥራልሽ። ሰዓቱ ሲደርስ ትናገራለች። ክዳኗ እስኪከፈት ዝም አትልም። ያንቺን ድምፅ አስገባባታለሁ።»

«አንቺ» ማለቱን እሱም እሷም ልብ አሉ። ያረመው ግን የለም።

ሣጥኗ ተሠራች። ንጉሥ ቢያያት ዘውዱን ያስቀምጥባት ነበር። በመጀመሪያው ቀትር «እማዬ፣ ኪኒንሽን ዋጪ» ብላ በልጅቷ ድምፅ ተጣራች። እናትየዋ ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት። ዜናዋን እየሰማች «እሺ፣ ሰምቻለሁ፣ አትነዝንዥኝ» አለች፤ ክዳኑን ከፈተች፣ መልሳ ከደነችው፣ ወደ ሬዲዮዋ ዞረች። ማታ ኪኒኑ እዚያው ተገኘ። በማግስቱም እንደዚያው።

«ባለቤቱ የምታገሥሽ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው ብሎኛል» አለች መነጽር ሠሪዋ። አላለቀሰችም፤ ሽቦን የባሰ የበላው ይኸው ነው።

ሣጥኗን ይዞ ሄደ። ምናልባት ችግሩ ድምፅ ማጉያው ይሆናል ብሎ ለሙከራ የራሱን ድምፅ ቀዳባት። ድምፅ ማጉያው ደህና ነበር። ሣጥኗንም በጠዋት መለሰላቸው።

ቀትር ሊሆን ሲል፣ በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የልጅቷን ድምፅ መልሶ አለማስገባቱ ትዝ አለው። ቀበቶውን ፈትቶ ወደ እናትየዋ ቤት ሮጠ። መኪና ቀደመ ይባላል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሣጥኗም መናገር ጀምራለች።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎ የቀትሩን ኪኒን እንዲወስዱ ትለምንዎታለች።»

እናትየዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ሬዲዮዋን ቀነሰች። ሻሿን አስተካከለች። «ውይ፣ አስጠበቅኩህ የኔ ልጅ» ብላ ውሃ ቀዳች፣ ኪኒኑን ዋጠች፣ ለሣጥኗም «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

ሽቦ በሩ ሥር ቁጭ አለ። ለካ የጎደለው ይሉኝታ ኖሯል። ልጅን ‹ቆይ› ማለት የእናት መብት ነው፤ በትሕትና የለመነን እንግዳ ግን እንዴት ብላ ታሳፍረው?

ከዚያ በኋላ መነጽር ሠሪዋ በቀትር አልሮጠችም፤ ሥራዋም ጸና። የእናትየዋ ግፊት እንዲህ ቢወርድ ሐኪሙ መለኪያውን ተጠራጥሮ በራሱ ክንድ ላይ ሞከረው። ሽቦም «ባትሪዋን ልይ» በሚል ሰበብ በየእሑዱ ብቅ ማለት ጀመረ።

«ባትሪው እንዴት ነው?» ይላል።

«ደህና ነው» ትላለች መነጽር ሠሪዋ።

«ክዳኑስ?»

«ይከፈታል።»

ከዚያ እሱ ሣጥኗን ያያል፣ እሷ እሱን ታያለች፤ ቀና ሲል እሷ መስኮቱን ታያለች። እናትየዋ መሃላቸው ተቀምጣ ሁለቱንም ትሰማለች።

አንድ እሑድ እናትየዋ «እናትህ በሕይወት አሉ?» አለችው።

«በእንፉቅቅ ሳለሁ ነው ያረፈችው፣ እማማ። አጎቴ ነው ያሳደገኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሳይበላ አስወጥታው አታውቅም።

መነጽር ሠሪዋ ጠበቀች፤ ድንጋይ ቢሆን ይናገር ነበር። በመጨረሻ እሱ ያቺን የማታልቅ ባትሪ ሊፈትሽ ሲያጎነብስ «ሣጥኗ ደህና ናት። ከእንግዲህ ለባትሪ ብለህ አትድከም» አለችው።

ፊቱ ከሰል መሰለ። «እውነትሽን ነው» አለና ዕቃውን ወደ ቦርሳው ይከት ጀመር። እጁ ካውያውን ሁለቴ ጣለው።

«ቁጭ በል፣ አንተ ልጅ» አለች እናትየዋ። «አንቺም ቁጭ በዪ። እኔ ዕድሜዬን የሰው ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ ነው የኖርኩት። ማን እንደዋሸ፣ ማን እንዳፈቀረ ፊቱን ሳላይ አውቃለሁ። ስሙ።»

የሣጥኗን ቁልፍ ተጫነች።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይኼ ደልዳላ ነው» አለች። ሣጥኗ ቀጠለች፤ «ልጅዎ...» ስትል እናትየዋ ጣቷን አነሣች። «እዚህ ጋ። ድምፁ እግር ከዳው። በየቀኑ ምሳዬን ይህን እየሰማሁ ነው የምበላው።»

ሽቦ መሬት ተከፍታ ብትውጠው አመስግኗት ይገባ ነበር። «ማይክራፎኑ ነው» አለ። «ርካሽ ስለሆነ ያንቀጠቅጣል።»

«ታዲያ ‹ኪኒን› ሲል ለምን አልተንቀጠቀጠም?» አለች መነጽር ሠሪዋ።

ሽቦ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ስታየው እያያት ነበር፤ መብራቱን ሳይሆን እሷን።

«እኔ ለባትሪ አትድከም ነው እንጂ አትምጣ አላልኩም» አለች ቀስ ብላ።

«ባትሪው እኮ ገና ዓመት ይሠራል» አለ። «ያኔም አውቅ ነበር። ላይሽ ነበር የምመጣው። እወድሻለሁ።»

«ይኼን ለመስማት ስንት እሑድ ባትሪ ተፈተሸ» አለች፤ እጁንም ያዘች።

«በሉ ወጥታችሁ ንፋስ ተቀበሉ» አለች እናትየዋ። «ዜናዬን ልስማበት።»

ተጋቡ። ሠርጉ ከተማውን ያናወጠ ነበር ቢባል ማን ያስተባብላል? ሽቦም ካውያውንና ልብሱን ይዞ እነሱ ቤት ገባ።

በሠርጉ ማግስት፣ ሦስቱም ቤት ሳሉ፣ ቀትር ሆነና ሣጥኗ በትሕትና «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች።

«ቆይ ወዲያ፣ አንተ ልጅ» አለች እናትየዋ ከሬዲዮዋ ዓይኗን ሳታነሣ። «ዜና ላይ ነኝ። አትነዝንዘኝ።» ክዳኑን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሙሽሪት በድንጋጤ ባሏን አየችው። «አለቀልን፣ ሣጥኗ ከእንግዲህ አትሠራም። ሌላ የማታውቀው ሰው ድምፅ መፈለግ አለብን።»

ሽቦን ግን በዕድሜው አንዲትም ሴት ‹አትነዝንዘኝ› ብላው አታውቅም ነበር፤ እንዲህ የምትል እናት ናት። ዕድሜውን ከሠራው ሁሉ እንዲህ በደስታ የተበላሸለት ሥራ የለም። «ተመስገን» አለ ለራሱ።

ከዚያ ውሃ ቀድቶ፣ ኪኒኑን በመዳፉ ይዞ ሄደ፤ ሬዲዮውንም በገዛ እጁ ዘጋው።

«እማዬ» አለ፣ «እስክትውጪ እዚሁ ነኝ።»