ሳይነገር ያደረው መርዶ

ተጠጉ። ከበሩ ጋ ያለኸው አንተም ተጠጋ፤ ኋላ ፈራሁ ብለህ እላዬ ላይ እንዳትወጣ።

በድሮ ዘመን ነው። አገሩን አልነግራችሁም፤ ብቻ ሐይቅ ዳር ነው። ጨረቃ የለችም። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ይርጋ የሚባል ሰው በሐይቁ ዳር መንገድ ብቻውን ወደ መንደሩ ይመለሳል። ከየት ነው የሚመለሰው? ሬሳ ሲገንዝ አምሽቶ።

ያን ቀን ማዕበል ተነሥቶ ሰዎች የተሳፈሩባትን ባለሸራ የእንጨት ጀልባ ሰባብሯታል። የደንገል ታንኳ እንኳ ውሃ ቢሞላውም ይንሳፈፋል። እንጨቷ ግን እህል ጭና ነበር፤ ሰጠመች። ሐይቁ የመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አላምረውን፣ የይርጋን ባልንጀራ። ይርጋ በገዛ እጁ በተቀደደው ሸራ ጠቀለለው። ሬሳውን ቤተ ክርስቲያን አሳደሩት። ይርጋ አላለቀሰም። እንባ እንቢ አለው። ደንዝዟል።

ሽማግሌዎቹ፣ "ለእናቱ ትንፍሽ እንዳትል። መርዶ ሲነጋጋ ነው፤ ሁላችንም ሄደን" አሉት። ደንቡም ይኸው ነው። እማማ ትርንጎ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ በሌሊት ብቻቸውን ሰምተው ምን ይሁኑ?

እናላችሁ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ከኋላው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዝናብ ነው? ሰማዩ ደረቅ ነው። ይሄዳል። ጠብ፣ ጠብ። ጎኑ ላይ ነጭ ነገር መጣ። ጋቢ ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ጋቢ አይደለም። ሸራ ነው።

"ይርጋ፣ ቆይ እንጂ፤ አብረን እንግባ" አለው አላምረው።

መጮህ ነበረበት፣ አይደል? አልጮኸም። ፍርሃቱም እንደ እንባው እንቢ አለ።

"ምነው ዝም አልክ? እናቴ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናቸው።"

"ድምፅህ ልክ አይደለም። የደበቅከኝ ነገር አለ።"

እዩት እንግዲህ! አላወቀም። መሞቱን የነገረው የለም። ይርጋ "አንተ እኮ..." ሊል አፉን ከፈተ። ግን መርዶ በሌሊት አይነገርም።

"ምንም የለም" አለው። "ሲነጋ እንጫወታለን።"

ሞኝ! የሕያዋኑን ደንብ ለሙት ጠበቀ።

የእማማ ትርንጎ በር ላይ ደረሱ።

"እማዬ፣ ክፈችልኝ፤ በርዶኛል።"

እናት አይደሉ? ከፈቱ። "ልጄ! ውሃ በውሃ ሆነህ የለ! ግባ፣ ግባ።"

በሩ ተዘጋ። ይርጋ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ተኛ። እንቅልፍም ወሰደው።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ለመርዶ ሄዱ። በሩ ክፍት ነው። ወለሉ ውሃ ነው። እማማ ትርንጎ የሉም። ሬሳውም ካደረበት የለም። ከደጃቸው ጀምሮ የሁለት ሰው ዱካ ጎን ለጎን ወደ ሐይቁ ወርዷል። የሚመለስ ዱካ የለም።

ያን ጊዜ ይርጋ አለቀሰ። ምን ይጠቅማል?

በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖ ከሄዳችሁ ደግሞ፣ የራሰ ሰው ተጠግቶ "እናቴ ደኅና ናት?" ካላችሁ፣ ይሉኝታችሁን ጣሉ። እዚያው መንገዱ ላይ፣ ቤቱ ሳይደርስ፣ "ሞተሃል" በሉት።