ከላይ ያለው ሳህን

እህትየው «ስልኩ ዘጠና ጠብታ ስጪ አለኝ፤ ዘጠና ሰጠሁ» ብላለች። ወንድምየው ደግሞ «ስልኩ የሚለው ሃምሳ ነው፤ ወይ ተሳስታለች፣ ወይ ሆን ብላ ነው» ብሏል። ሁለቱም ይህን ቃል የሰጡት አባታቸው በሞቱበት ክፍል ውስጥ፣ ባዶው አልጋ አጠገብ ቆመው ነው።

ሟቹ ጡረታ የወጡ አናጺ ነበሩ። የገደላቸው የሕመም ማስታገሻው መብዛት መሆኑን ሐኪሙ አረጋግጧል። ለቀን የተፈቀደላቸው መቶ ጠብታ ነው። ማታ ላይ የቀረውን የሚያሰላው፣ ፕሮግራም ሠሪው ልጃቸው ራሱ ጽፎ በእህቱ ስልክ ላይ የጫነው ትንሽ ማስሊያ ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ግን በእህትየው ላይ አስቀድሞ ፈርዷል። ልጅቷ ለዓመታት ስታስታምም ከርማ፣ አንድ ቀን ሲመራት «ምነው በገላገለው» ማለቷን ጎረቤት ሰምቷል።

ባልደረቦቿ «እማማ ለምን» የሚሏት መርማሪ እህትየውን ያገኘቻት ማድ ቤት፣ ሳህን አጥባ ስትደራርብ ነው።

«ዘጠና ሲልሽ አልበዛብሽም፣ ልጄ?»

«በዛብኝ እንጂ! ደወልኩለት። ‹አንቺ ደግሞ! ማሽን እንዳንቺ አይደክመውም፤ ያለሽን ስጪ› አለኝ።»

«ቁጥሩን ነገርሽው?»

«ስንት አለሽ ብሎ መች ጠየቀኝ።»

ወንድምየው መደወሏን አልካደም። «ሁሌም ትጠራጠራለች» አለ። «አባባ ራሱ ፈትኖታል። ዘጠኝ ሲቀነስ አራት ብሎ ጻፈ፤ አምስት ሲለው ‹በል፣ ልጄ ተምሯል!› ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተሳሳተም።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን?»

«አልተሳሳተም አልኩዎት እኮ!»

መርማሪዋ ለቅሶ ሊደርስ ወደመጣው ሐኪም ዞረች። «ያን ዕለት ምን ተለወጠ?»

«ምንም» አለ፤ ከዚያ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ቆይ… ድሮ ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር የሚወስዱት። ያን ዕለት ሕመሙ ስለበረታ ቀትር ላይም እንዲሰጣቸው አዘዝኩ። ጠዋት ሠላሳ፣ ቀትር ሃያ።»

ሦስቱንም ማድ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ማስሊያህ ቁጥር እንዴት ነው የሚይዘው?» አለችው ልጁን።

«እንደ ሳህን ይደራርባል። መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል።»

ሦስት ሳህን አንሥታ በየሳህኑ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አኖረች። መቶ ከታች፣ ሠላሳ መሐል፣ ሃያ ከላይ።

«መቶ ሲቀነስ ሠላሳ፣ ሲቀነስ ሃያ። ሁለተኛው መቀነስ ሲመጣ የፊተኛው ገና አልተሠራም። ማን ይቅደም?»

«ማባዛት ቢሆን ኋላ የመጣው ይቀድማል። መቀነስና መቀነስ ግን…» አለ ልጁ።

«እኩዮች ሲገናኙ ቀድሞ የመጣው ይቅደም ብለህ ነግረኸዋል?»

ልጁ ሳህኖቹን እያየ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ካልነገርከው ከላይ ይጀምራል።» ሁለቱን የላይ ሳህኖች አነሣች። «ሠላሳ ሲቀነስ ሃያ፣ አሥር። መቶ ሲቀነስ አሥር?»

«ዘጠና» አለ በሹክሹክታ።

«እስከዚያ ዕለት የሚቀነሰው የጠዋቱ ብቻ ነበር። የአባትህም ፈተና እንዲሁ አንድ መቀነስ ብቻ ነበር። በሁለት ሳህን ስሕተቱ አይታይም፤ ሦስተኛው ሲጨመር ነው የሚወጣው።»

የእህቱን ስልክ ተቀብሎ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፈበት። ዘጠና አለው።

እህትየው እጇን ሳታደርቅ ትከሻውን ያዘችው። «አጥፋው፣ የኔ ወንድም። ሰው እኔን አንዴ አምቷል፤ እችለዋለሁ። አንተ ገና ልጅ ነህ።»

«እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ» አለች መርማሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚያ ለቅሶ ለተቀመጡት ማን እንደሚነግራቸው መወሰን ግን የእናንተ ነው።»

ልጁ ስልኩን ለእህቱ መለሰላትና ለቅሶተኞቹ ወደተቀመጡበት ክፍል የሚያስገባውን በር ከፈተ።

«ስሙኝ! አባቴን የገደለው የእኔ ስሌት ነው። እህቴ በዛ ብላ ደውላልኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። የሰጠሁትን ቃል ልለውጥ አሁን ከመርማሪዋ ጋር እሄዳለሁ።»