ከአፈሙዙ ፊት ያልተነሳው

ተስፋልደት ሳሎኑ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ሽጉጡ ከእጁ አልወጣም። ምንጣፉ ላይ ያልፈነዱ ሦስት ጥይቶች ተበታትነዋል፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ በባሩድ ተቃጥሎ ጠቁሯል።

ኢንስፔክተር መኪያ ተንበርክካ ጥይቶቹን አገላብጣ አየች። የሦስቱም ቂጥ በሽጉጡ መርፌ ተመትቶ ጎድጉዷል። ክብደታቸውን በመዳፏ ለካችና ለማንም ሳታሳይ አሸገቻቸው። በኋላ ለቤተሰቡ የተነገረው ሽጉጡ አልሠራም የሚል ብቻ ነበር።

ቤቱ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ ነው። በሩ አልተሰበረም። ግድያው ሲፈጸም ቤት ውስጥ የነበረችው ሚስቱ ሉዋም ብቻ ስትሆን፣ ፖሊሶቹም ከወዲሁ በጎሪጥ እያዩዋት ነበር። መኪያ ወጥ ቤት ውስጥ አገኘቻት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«እኔን ነው የምትይዙኝ፣ አይደል?» አለች።

«መጀመሪያ የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«‹ማነህ?› አለ። ከዚያ ቃታውን ሲስብ ቀጭ አለ። የጥይት ካዝናውን ከሥሩ መታ፣ አቀባበለ፣ አሁንም ቀጭ። ደግሞ ደገመው። እዚህ ተደብቄ ጸሎት እንኳን ጠፋብኝ። ሰውየው ግን ይራመድ ነበር።»

«ወደ ውጭ?»

«ወደ እሱ።»

መኪያ ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ይህን ስትሰማ ግን ፈራች። ሽጉጥ ወደተደገነበት የሚራመድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ተስፋልደት ሽጉጡን የገዛው ፊቱን የሸፈነ ሰው ግቢያቸው ገብቶ ካመለጠ ወዲህ ነው። ፈሪ ነበር፤ ነውር የለውም፣ ሰው ለነፍሱ ይፈራል። የባሰ የሚፈራው ግን ሽጉጡ በክፉ ቀን እንዳይከዳው ነበር። ስለዚህ ሚስቱንና የአባቱን ልጅ ቴድሮስን ይዞ፣ ለሚ ኩራ ጫፍ ላይ ሻምበል ላጲሶ የሚባሉ ጡረተኛ መኮንን ራስን መከላከያ ተኩስ ከሚያሠለጥኑበት ሜዳ ይመላለስ ጀመር። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

መኪያ ሜዳው ድረስ ሄዳ ስታገኛቸው ሻምበሉ ሐዘንም ስጋትም ይዟቸው ነበር። «ስሜ ጠፋ» አሉ። «መጀመሪያ ሽጉጡን መንካት እንኳን ይፈራ ነበር። ተኩሶ ተኩሶ በመጨረሻ ‹አሁን አመንኩት› አለኝ።»

መኪያ ጥይት ሲከሽፍ ምን እንደሚያስተምሩ ጠየቀቻቸው። ባሩድ የሌለበት፣ መልኩ ከእውነተኛው የማይለይ የመለማመጃ ጥይት ከደህናው ጋር እንደሚቀላቅሉ አስረዷት። ተኳሹ የቱ እንደሚከሽፍ ማወቅ የለበትም፤ ስለዚህ ካዝናውን የሚሞላለት ሌላ ሰው ነው። ለተስፋልደት አንዳንዴ ሚስቱ፣ አንዳንዴ ወንድሙ፣ አንዳንዴም ራሳቸው ሻምበሉ ሞልተውለታል።

በማግስቱ መኪያ ሦስቱንም ሜዳው ላይ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ቆሙ። የሟቹን ሽጉጥ ከነካዝናው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አፈሙዙን ወደ ሉዋም አዞረች። ሉዋም ወንበሯን ገልብጣ መሬት ላይ ተደፋች። ወደ ሻምበሉ ስታዞረው ያን ሁሉ ዘመን ያገለገሉ ሰው ወደ ጎን ዘለሉና፣ «የተማርሽ ሴት አይደለሽም?» ብለው ተቆጧት። ከዚያ ወደ ቴድሮስ አዞረችው።

ቴድሮስ እግሩን እንዳነባበረ ቀረ። ስልኩን ይነካካል።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ» አለች መኪያ ቀስ ብላ። «ዛሬ ጠዋት ጥይቶቹን በደህና ቀይሬያቸዋለሁ።»

ቴድሮስ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ከጥላው ምሰሶ ጀርባ ተሸሸገ።

«ሽጉጡ ያው ሽጉጥ ነው» አለች። «ቅድም ለምን አልፈራህም?»

ቴድሮስ ዞር ብሎ ፖሊሶቹን አየ።

«እኔ ልንገርህ። ሸሚዙ በባሩድ ተቃጥሏል፤ የተተኮሰው በክንድ ርቀት ነው። ተስፋልደት ሦስት ጊዜ ቃታ ሲስብ ገዳዩ አልሸሸም፣ አልተኮሰም፤ ተራምዶ ተጠጋው። ዘራፊ ቢሆን ይሸሻል ወይም ቀድሞ ይተኩሳል። ይሄኛው ግን ጥይቶቹ ባሩድ እንደሌላቸው ያውቅ ነበር። ይህን የሚያውቀው ካዝናውን የሞላው ሰው ነው። እኔ ለአንዳችሁም አልነገርኩም። ሉዋም ፈራች፣ ሻምበልም ፈሩ፤ ሽጉጡ የሚገድል መስሏቸዋል። አንተ የፈራኸው ጥይቱ ተቀየረ ስልህ ነው። በሩም አልተሰበረም፤ ቁልፍ አለህ።»

ቴድሮስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ቀለበት መንገድ ላይ ሴት ገጭቼ ሸሽቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ተስፋልደት አብሮኝ ነበር። ለፖሊስ ሊናገርብኝ ነበር። ፊቴን ሸፍኜ ግቢ ገብቼ ሳስፈራራው ይተወዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ሽጉጥ ገዛ። ካዝናውን ‹በደህናው ሞልቼልሃለሁ› ስለው ከፍቶ እንኳን አላየውም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ሻምበሉ ቆባቸውን አወለቁ። «ሦስት ጊዜ አቀባብሏል» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አንድም ነገር አልረሳም ልጄ።»

ሉዋም ከመሬት አልተነሳችም። ከእንግዲህ የሚይዛት እንደሌለ ገና አልገባትም። «እውነት ቀይረሻቸዋል?» አለች።

መኪያ ካዝናውን አውጥታ ሰጠቻት። «አንዱንም አልነካሁም።»

ሉዋም ካዝናውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሽጉጡን ነበር ሌት ተቀን የሚጠራጠረው» አለች። «የሞላለትን ግን አንድ ቀን አልጠረጠረም።»