ሳይታይ የተፈረመ ምስክርነት

ነርሷ ጠዋት ጤና ጣቢያው ስትገባ የመጀመሪያ ሥራዋ መፈረም ነበር። ለአዲሱ የደም ግፊት መድኃኒት ጥናት የተዘጋጁትን ሃያ የስምምነት ቅጾች ትደረድርና፣ ገና አንድ በሽተኛ በሩን ሳይረግጥ፣ «ተነብቦላቸውና ገብቷቸው፣ ወደው መስማማታቸውን አይቻለሁ» ከሚለው ሥር ሃያውንም በምስክርነት ትፈርማለች። የቀረው የመዝጋቢው ሥራ ነው፤ የበሽተኛውን አውራ ጣት ቀለም እያስነካ ያስፈርማል።

«አራት ገጽ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?» ይላል መዝጋቢው። «ሰልፉን አታይም? ደግሞ ለራሳቸው ጥቅም ነው።»

እሷም በሐሳቡ ትስማማለች። ስንቱን ጥፋት ነው በሰልፍ የምናሳብበው!

አንድ ቀን ያሳደጓት አክስቷ ቤታቸው ወድቀው ግንባራቸው ተፈነከተ ተባለ። እየሮጠች ደረሰች። ቁስሉን አሽጋ የደም ግፊታቸውን ብትለካ ጣሪያ ነክቷል።

«እትዬ፣ መድኃኒትዎን አልወሰዱም እንዴ?»

«የድሮውን አስጣሉኝ እኮ። አዲሱን ከጀመርኩ ወዲህ ያዞረኛል።»

«ማነው ያስጣለዎት?»

«እናንተው ናችኋ! አንቺ ለክትባት ወጥተሽ የነበረ ዕለት ጣቴን አስፈርመውኝ።»

ከትራሳቸው ሥር የተሰጣቸውን የቅጹን ግልባጭ አውጥተው ሰጧት። ከአሻራቸው ጎን የእሷ ፊርማ አለ። በዚያ ሰዓት ጤና ጣቢያው ውስጥ እንኳ አልነበረችም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ካዞረዎት ወዲያውኑ ይደውሉ» ይላል፣ ከነስልክ ቁጥሩ።

«እትዬ፣ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር» አለች።

አክስቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ይቻል ነበር? ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

ነርሷ ስልኳን አውጥታ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች።

ጥናት ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ ጥናት መድኃኒት አይገኝም። የሚያበግነው ሰውን ሳይጠይቁ መሞከሪያ ማድረግ ነው። እምቢ ማለት እንደሚችል ያልተነገረው ሰው እሺታው እሺታ አይደለም። እናንተም ብትሆኑ ጣታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «ይነበብልኝ» በሉ።

በማግስቱ ነርሷ የጥናቱ ኃላፊ ዘንድ ገብታ የሠራችውን አንድ በአንድ ተናገረች። እስካሁን የፈረሙት ሁሉ እንደገና እንዲጠየቁ ታዘዘ። አስቀድማ ፈርማባቸው የተረፉትን ቅጾች ቀዳድዳ ጣለችና የመጀመሪያውን ሰው፣ አንድ አናጺ፣ አስቀምጣ አራቱንም ገጽ አነበበችለት።

«ካልተስማማሁ ሕክምናዬ ይቋረጣል?»

«አይቋረጥም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብሎ ወጣ።

«ይኸው አባረርሽው» አለ መዝጋቢው።

«አላባረርኩትም። ጠየቅሁት» አለችና እስክሪብቶዋን ሳትከፍት ቀጣዩን ጠራች።