በጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ማርስ

ልጅቷ ግንባሯን ጠርሙሱ ላይ ለጥፋ ስትቆጥር፣ ሦስት የነበሩት ቀንድ አውጣዎች አስራ አንድ ሆነዋል። ዓይኗን አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። ስምንቱ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ከአንዱ ትልቅ በቀር ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው ክዳኑ ሥር ተጣብቀዋል።

«ወልደዋል እኮ!» አለ ካፒቴን። ማርስ ላይ የመጀመሪያውን ከተማ እቆረቁራለሁ እያለ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የሰው ጆሮ ስላደነቆረ፣ ጓደኛዋን ሁሉም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። «ነገ ዳኞቹ በቃ ያብዳሉ!»

ለሳይንስ ውድድሩ ቀይ አፈርና ጥቂት ተክል ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ትንሽ ማርስ ሠርተዋል። መምህራቸው አንድ ቀንድ አውጣ ይበቃል ብለው ነበር። ካፒቴን ግን «ብቻውን ይደብረዋል» ብሎ ሁለት ደረበበት። ከዚያ መምህሩ ክዳኑን በፈረሙበት ወረቀት አሸጉት። አርባ ቀን ሳይከፈት ከቆየ፣ ሽልማቱ ትልቁ ቴሌስኮፕ ያለበት ተራራ ላይ ማደር ነው። ልጅቷ ያንን ቴሌስኮፕ እያሰበች እንቅልፍ አጥታ ነው የከረመችው። ዛሬ ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ነው።

ተክሉ ግን ቢጫ ሆኗል። ክዳኑ ሥር ያልወጣው ትልቁ ቀንድ አውጣ አፈሩ ላይ በጀርባው ወድቆ በቀስታ ይላወሳል።

የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አፈሩን አቀላችው። ልጅቷም እዚያ ቀይ ሜዳ ላይ የቆመች መሰላት። ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም፤ የሚያመው ሰውም የለም። ዝምታው ደስ አላት። ከዚያ ከሩቅ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ የሰማች መሰላት።

«እዚያ እኮ አሁን የሚያመው ማንም የለም» አለች።

«የት? ማርስ?»

«እኛ ስንሄድ ግን ይኖራል።»

«የሚስቅም ይኖራላ! አንቺ ደግሞ ሁሌ ጨለማው ነው የሚታይሽ።»

እውነቱን ነው፤ እጇ ግን ወደ ክዳኑ ሄደ።

«አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው፤ ቻይው» አለ ካፒቴን።

«እኔማ እችለዋለሁ። እነሱን ማን ጠየቃቸው?»

እናቷ አዋላጅ ናት። ሥራዋን ስታወራ «እንኳን ደህና መጣህ ከማለቴ በፊት ፎጣውን አሞቃለሁ» ትላለች። «የሚመጣው ራቁቱን ነው፤ መሰናዳት ያለበት ጠሪው ነው።» ልጅቷ ይህን ስትሰማ ኖራ ቁም ነገር ብላው አታውቅም ነበር።

ጥፍሯን ወረቀቱ ጠርዝ ሥር ሰደደች።

«ኧረ ተይ! ቴሌስኮፑስ?» ካፒቴን እጇን ያዘ። በዚህ መሃል ዓይኑ የወደቀው ቀንድ አውጣ ላይ አረፈ። እጇን ለቀቀ።

ወረቀቱ ተቀደደ። ክዳኑ ሲከፈት የታፈነ፣ የሻገተ ሽታ ወጣ። ልጅቷ የወደቀውን በጣቷ ገለበጠችው፤ ቆይቶ አንድ ቀንዱን ብቅ አደረገ። ማልቀስ አማራት፤ ለቴሌስኮፑ ይሁን ለእሱ አላወቀችም።

ካፒቴን ከግቢው አንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ይዞ ተመለሰ። «ይበቃል?»

«ጨምር፤ ብዙ ናቸው።»

እሱ ሲወጣ የየቀኑን የሚመዘግቡበትን ደብተር ገለጠች። «ሠላሳ ዘጠነኛ ቀን» ብላ ጻፈች። «አስራ አንድ ናቸው። ከፈትነው።»