ኔትወርክ እስኪይዝ

የምሥራች ጽሑፉን መረጠችና «ሰርዝ» የሚለውን ነካችው። ስልኩ «ኔትወርክ ሲገኝ ይሰረዛል» አላት። ለቅዳሜና እሑድ የመጣችበት የወላጆቿ መንደር ኔትወርክ የለም፤ የሚይዘው ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያወጣው ጋራ ላይ ሲደረስ ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርም ላይ ድራሹ ይጠፋል።

ጽሑፉ የእፀገነት ነው። ሁለቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች መሐል ሜዳ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። እፀገነት ስልክ የላትም። ትምህርት ቤት የጻፈችውን ቤት ሆና እንድታነብ ፎልደሩን ከየምሥራች ስልክ ጋር አገናኝታዋለች፤ አንዱ ላይ የተነካ ሌላውም ላይ ይነካል። «አንቺ ጋ ካለ እኔ ጋ አለ ማለት ነው» ብላት ነበር፣ ምንም ሳትጠራጠር።

ጽሑፉስ ስለ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ የምሥራች አባት! ስለ ጋሽ አባይነህ የበርኖስ ሥራ። እፀገነት አንድ ቅዳሜ መጥታ ጠየቀቻቸው፣ ጻፈች፣ መምህሩም «ሰኞ ደብረ ብርሃን ለውድድር እልከዋለሁ» አሉ። ክፍሉ «እፄ ቀወጠችው!» እያለ ሲያጨበጭብ የምሥራችም አጨብጭባለች፤ እጇ ብቻ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችውን ነገር ሌላ ሰው ስሙን ተከለበት! ቅናት አንጀቷን አሳረረው።

እሑድ ከሰዓት አባቷ ስንቋን ተሸክመው ሸኟት።

«ያቺ ልጅ መቼ ነው ደግሞ የምትመጣው?» አሏት መንገድ ላይ።

«እኔ ምን አውቄ፣ አባባ!»

«መጠየቅ ታውቅበታለች እኮ። እስቲ የጻፈችውን አንብቢልኝ።»

እሷን እንዲህ አመስግነዋት አያውቁም። «ጠፍቷል» ልትል አፏን ከፈተች፤ አባቷ ግን ስንቁን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለመስማት ተዘጋጅተዋል። ስልኩን አወጣች። ጋራው ስላልደረሱ ገና አልተሰረዘም። «ይቅር» የሚለውን ነካችው። ለአባቷ ስትል እንጂ ለእፀገነት ብላ አይደለም፤ አንብባ ስትጨርስ መልሳ ትሰርዘዋለች።

አነበበችላቸው። አባቷ አንድ ሁለት ጊዜ ሳቁ። ጽሑፉ ያምር ነበር፤ የባሰ ያቃጠላትም እሱ ነው። መጨረሻው ላይ ግን አባቷ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ተሾመችስ?»

«እ?»

«እናትሽ ናታ! የበጉን ጠጉር የሚያባዝተው ማነው? የሚፈትለውስ? ያለ እሷ እኔ ምኑን ልሸምነው ነው?»

የምሥራች ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አየችው። እውነት ነው፣ እናቷ የለችበትም። እፀገነት የመጣች ዕለት እናቷ ገበያ ሄዳ ነበር። እናቷ ስትፈትል ጎኗ ተቀምጣ ጠጉር ስታቀብል ያደገችው የምሥራች ናት፤ ይኼን እፀገነት ከየት ታምጣው?

ይኼ ቢጨመርበት ጽሑፉ ይበልጥ ያምራል። ያማረው ደብረ ብርሃን የሚሄደው ግን በእፀገነት ስም ነው። ይኼን ስታስበው አሁንም አንገበገባት።

«አባባ፣ ትንሽ እንቀመጥ።»

«አይመሽብሽም?»

«አይመሽም።»

ድንጋዩ ላይ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና «ጠጉሩን አባዝተው የሚፈትሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሾመች ናቸው» ብላ ጻፈች። ከዚያም ሌላ መስመር ቀጠለች፣ ሌላም። ስትጨርስ «አስቀምጥ» የሚለውን ነካችና ስልኩን በእጇ እንደያዘች ተነሥታ፣ ጋራውን ለመውጣት ከአባቷ ቀደመች።