ያልተለካው እርጥበት

ጉንዳን ደብተሩ ላይ «ስልሳ አራት» ብላ ጻፈች፤ የክፍሉን በር ግን አልከፈተችም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከመንታ ትንንሽ ወንድሞቿ አንደኛው ጎኗ ላይ ታቅፏል፣ ሌላኛው ቀሚሷን ይጎትታል። ትናንት ስልሳ ሰባት ብላ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ዝቅ ቢል ማንም አይጠረጥርም።

ጉንዳን ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከራሷ የሚከብድ ነገር ተሸክማ ስለሚያዩዋት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ድካሟ ግን ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ሰው ድካም ነበር። እናቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውላ ማታ ነው የምትመለሰው። መንትዮቹን የምታበላ፣ የምታጥብ፣ የምታገላግል እሷ ናት። በዚህ ሁሉ ላይ ኦርኪድ የሚባሉት የአክስቷ አበቦች ተጨመሩ።

አክስቷ የእናቷ ታላቅ ናት፣ ልብስ ሰፊ። አብራቸው ስትኖር በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ሃያ ሦስት ኦርኪድ ታሳድጋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከወንበር ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ሆስፒታል ተኛች። አምቡላንስ ውስጥ ሆና እንኳ የምታወራው ስለ ዳሌዋ ሳይሆን ስለ እርጥበት ነበር። ኦርኪድ አየሩንም ይጠጣል፤ የክፍሉ እርጥበት ከሃምሳ በመቶ ከወረደ እምቡጡ ይረግፋል፣ ሰባን ካለፈ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ በቀን ሦስቴ ይለካ። በር ሲከፈት አየሩ ስለሚለወጥ፣ ገብተሽ ዝጊና አሥር ደቂቃ ሳትነቃነቂ ቆመሽ መለኪያውን አንብቢ አለቻት።

አሥር ደቂቃ! መንትዮቹ አሥር ደቂቃ ካገኙ ሶፋውን አፍርሰው ጀልባ ይሠሩበታል፤ ባሕሩንም ከመታጠቢያ ቤት ያመጡታል።

አራት ቀን በታማኝነት ለካች። አምስተኛው ቀን የሒሳብ ፈተና ነበረባትና በሩ ላይ እንደቆመች «ሃምሳ ስምንት» ብላ ጻፈች። ሰማዩ አልተደፋም። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሙያ አደረገችው። ዝናብ ሲጥል ትጨምራለች፣ ፀሐይ ሲበረታ ትቀንሳለች። ቁጥሮቿ ከእውነተኞቹ ይልቅ እውነት መሰሉ።

አንድ ቀን ግን እጇ ቀበጠና «ሰባ ስምንት» ብላ ጻፈች። አክስቷ እንደ ወትሮዋ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ደውላ ቁጥሩን ስትሰማ ደነገጠች። ጉም የሚተፋው ማሽን አሁኑኑ ይጥፋ፣ በየአበባ ማሰሮዎቹ ሥር ካሉት የጠጠር ሳህኖች ውሃው ይደፋ፣ መስኮቱ ይከፈት አለች። ጉንዳን ሁሉንም በደስታ ፈጸመች። ማሽኑ በቀን አንድ ባልዲ ውሃ ይጠጣ ነበርና እሱን ከመሸከም ተገላገለች። ሸክሙ እንዳይመለስባትም በማግሥቱ ሰባ አራት፣ ከዚያ ሰባ ሁለት እያለች ቀጠለች።

ስልሳ አራት ባለችበት ቀን አክስቷ ስትደውል ሌላ ጥያቄ አመጣች። ነጯ ኦርኪድ ፈካች ወይ? ሦስት ዓመት ተጠብቃ ገና ዘንድሮ ነው እምቡጥ የያዘችው። ጉንዳን ስልኩን እንደያዘች በሩን ከፈተች። ስምንቱም እምቡጦች ወለሉ ላይ ደርቀው ተበትነዋል። ቅጠሎቹ ተጨማድደዋል። መለኪያው ሠላሳ አንድ ይላል።

«ረግፈዋል» አለች ቀስ ብላ።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አለች አክስቷ፤ «ያዘዝኩትንም አድርገሻል። እንግዲህ የከዳኝ አበባ የማሳደግ እጄ ነው፣ የኔ ልጅ።»

በማግሥቱ ወሬው ለእናቷ ደረሰ። አክስቷ ኦርኪዶቹን በሙሉ ለወዳጇ ለአበባ ሻጩ ልትሰጥ ወስናለች፤ ቅዳሜ መጥተው ይወስዳሉ። እናቷ አዝና ነበር፤ ቢሆንም ክፍሉን በሲባጎ ለካችው። «አልጋሽ እዚህ ይገባል» አለቻት። «የራስሽ በር፣ የራስሽ ቁልፍ። አንቺም ትንሽ ትተኛለሽ።» ጉንዳን ይህን በር በሕልሟ ስንት ጊዜ ቆልፋዋለች። አሁን ከአፏ አንዲት ቃል ካልወጣች የእሷ ነው።

ቅዳሜ እናቷ ሥራ ከሄደች በኋላ አበባ ሻጩ ባዶ ካርቶኖች ይዘው መጡ። ነጯን ኦርኪድ አንስተው አገላበጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ሙያ ያስተማረቻቸው አክስቷ እንደሆነች፣ ትናንት ሊጠይቋት ሄደው ከእንግዲህ ቡቃያ አልነካም እንዳለቻቸው ነገሯት። ይህን እያሉ ማሰሮዋን ካርቶን ውስጥ አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ» አለች ጉንዳን። ስልኩን አንስታ አክስቷ ጋ ደወለች።

«እትዬ፣ ቁጥሮቹ ፎርጅድ ናቸው።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ክፍሉ ደርቆ ነበር። አንቺ ያዘዝሽው በሙሉ ለውሸቴ ልክ ነበር። እጅሽ አልከዳሽም።»

ከወዲያ የሆስፒታል ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስተኛው ቀን።»

«ሰባ ስምንቱም?»

«እሱማ ዋናው።»

«ሰውየው አጠገብሽ አሉ? ስጫቸው።»

አበባ ሻጩ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እሺ… እሺ… ኧረ እሺ አልኩ» እያሉ ቆዩ። ዘግተው መለሱላትና ነጯን ከካርቶኑ አወጧት። ሥሮቿን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ሥሩ አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ይተርፋል፣ እዚሁ ይቆይ ብላለች» አሉ። «ማሽኑን እናስነሳው።»

«ስለ እኔስ ምን አለች?»

«‹የምቆጣት እሁድ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነው፤ ዛሬ ጊዜ የለኝም› ብላለች።»

ጉንዳን መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ለሁለቱም አቅም አልነበራትም። ማታ እናቷ ስትገባ ሁለት ነገር ልትነግራት ነው። አንደኛው፣ አልጋው ወደዚህ ክፍል እንደማይገባ። ሁለተኛው፣ ቤቱን፣ መንትዮቹን፣ ትምህርቱን፣ ይህን ሁሉ ብቻዋን እንደማትችል። ሁለተኛው ይከብዳል። ከእሱ ልትጀምር ወሰነችና ባልዲውን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች።